የዓርቡ ጥያቄ

ወላይታ ሶዶ
እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጌታነህ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የጅንካ ሙቀት ያን ራስ ምታትህን እንዳይቀሰቅስብህ እፈራለሁ። እኛ ደህና ነን። ዳሞታ ተራራ ከሰሞኑ ደመናውን አላወለቀም፤ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፣ ጠዋት ባጃጆቹ የረጩብንን ጭቃ ይዘን ትምህርት ቤት እንገባለን። ትሕትና ለማትሪክ እያጠናች ነው። ፊዚክሱ ሲያስቸግራት "አባዬ ቢኖር በአንድ ቁጭታ ያስረዳኝ ነበር" ትላለች። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ ሻይ ከማፍላት ሌላ ምን ላድርግላት?

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምህ አይቀርም። በስልክ ስናወራ ግን ስብሰባ የምትመራ ትመስለኛለህ። "ልጅቷ ደህና ናት? ቤቱስ? ሌላስ?" ትለኛለህ። እኔ "ሌላ ምንም" እላለሁ፣ ስብሰባው ይዘጋል። ዛሬ ግን ሌላ አለ። ዓርብ ዕለት በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፤ ያንተም ስም ተነሥቷል። ወዳጅህ ቢያድግልኝ በየሳምንቱ እንደሚደውልልህ ስለማውቅ፣ የራሱን ቅመም ጨምሮበት ሳይደርስህ ከእኔ እንድትሰማው ፈለግኩ። እስከ ረቡዕ እንዳይደውልልህ አስምዬዋለሁ። "ከቻልኩ" ብሏል። አንተም እስከ መጨረሻው ሳታነብ ስልክ አታንሣ።

በአንተ ቦታ ዳይሬክተር ሆኖ የተመደበውን ሰው ስም እንዳልጠራብህ ዓመቱን ሙሉ ተጠንቅቄአለሁ። ሶርሳ ይባላል። የአረካ ልጅ ነው፣ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ቀጭን ነው፤ ሲያስብ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ እኛም አብረነው ቀና እንላለን። ጠረጴዛህን አልቀየረውም። መስኮቱ አጠገብ የነበረውን የካርታ መስቀያ ብቻ ወደ ጥግ ገፋው፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "የሚመጣው ሰው ፊት አይታየኝም ነበር" አለኝ።

ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ጥቂት እንድንቆይ ጠየቀን። ስለ ፈተና መስሎን ተቀመጥን። ቆመና እንዲህ አለ፦ "በዚህ ሳምንት ከወሰንኳቸው ነገሮች የትኛው አልሠራም? እናንተ ካላችሁበት ሲታይ ምን ይመስላል?" ከዚያ ዝም።

ጌታነህ፣ ያን ዝምታ አንተ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። ከአፋችን ቃል ከሚወጣ ጥርስ ቢነቀል የምንመርጥ እንመስል ነበር። አንዱ ደብተር ያገላብጣል፣ አንዱ ስልኩን ይጠርጋል። ሶርሳ ትንሽ ጠበቀና "መልካም፣ ለሚቀጥለው ዓርብ አስቡበት" ብሎ ወጣ። በሩ ከመዘጋቱ ወሬው ተጀመረ።

"ወጥመድ ነው" አለ ቢያድግልኝ። "እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ንጉሥ ሕዝቡን 'ምን አጠፋሁ?' ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሰጠው ሰው የት እንደደረሰ አውቃለሁ።"

"ኧረ ስልጠና ወስዶ ነው" አለች ትርፌ። ታስታውሳታለህ፣ ባዮሎጂ የምታስተምረው ወጣት። "ስልጠና ሄደው ሲመጡ እንዲህ ያደርጋቸዋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይለቀዋል።"

"ካልለቀቀውስ?"

"ያኔ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።"

እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ፣ ጥያቄው አለቀቀኝም። ስንት ዳይሬክተር አይቻለሁ፤ የሚቆጣ፣ የሚለማመጥ፣ እንዳንተ ከሁሉ በፊት መጥቶ ከሁሉ በኋላ የሚወጣ። የራሱን ሥራ መልሶ እያየ፣ እናንተም አብራችሁኝ እዩ የሚል ግን አላጋጠመኝም። ሰዎቹ እንዴት እንደሚያዩት ለማወቅ ጆሮዬን ከፍቼ መቆየት ጀመርኩ።

አልለቀቀውም። ዓርብ ዓርብ ይጠይቃል፣ ማንም ካልመለሰ ራሱ ይመልሳል። አንድ ቀን "የዘጠነኛ ክፍልን ስፖርት ከምሳ በኋላ ማድረጌ ልክ አልነበረም። ትናንት ሜዳ ሄጄ አየሁ፤ ከመምህሩ በቀር ሁሉም ጥላ ሥር ነው። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጠዋት ይመለስ" አለ። የስፖርቱ መምህር አጨበጨበ። ቢያድግልኝ ግን ሻይ ቤት ስንቀመጥ "ዳይሬክተር የተናገረውን መልሶ ከዋጠ እኛ ምኑን ይዘን ልጅ እንቆጣ?" አለ። ወላዋይ ነው ያሉም ነበሩ። በሰው ለመወደድ ነው ያሉም ነበሩ። የሚገርመው፣ በጣም የተቹት አምና አንተን "ግትር ነው" ሲሉ የነበሩት ናቸው። ይህን የምጽፈው ልብህን ላሞቅ ብዬ አይደለም፤ በጆሮዬ የሰማሁት ስለሆነ ነው።

በኋላ ላይ ምን እንደሚያስፈራን የገባኝ መሰለኝ። አንተም እኔም "ተሳስቻለሁ" የሚለውን ቃል የተማርነው በግምገማ ነው። ሰው ሲከበብ፣ ማምለጫ ሲያጣ የሚለው ቃል ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ እርምጃ ይመጣል። በራሱ ፈቃድ፣ ማንም ሳይከበው ሲለው አላየንም። ስለዚህ በመጨረሻ አንድ ሰው ለሶርሳ መልስ ሲሰጥ ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የርእሰ መምህሩ ጥንካሬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በድክመት ረገድ…" ሶርሳ እጁን አነሣ። "ድክመቴን አልጠየቅኩም፣ ወንድሜ። እሱን ባለቤቴ ትነግረኛለች። የጠየቅኩት ስለ ሥራው ነው።" ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ አጠገቤ ሲቆም ጠየቅኩት። "አቶ ሶርሳ፣ ይህን ነገር ከየት አመጡት? እውነት ከስልጠና ነው?"

"ከስልጠና ቢሆን እስካሁን ይለቀኝ ነበር" አለኝ። ወሬው ደርሶታል ማለት ነው። "ከአባቴ ነው። ጊፋታ ሲቃረብ፣ አዲሱ ዓመት ቂም ተይዞ አይገባም ብሎ ልጆቹንም ጎረቤቱንም ይሰበስብና 'ዘንድሮ ማንን አስቀየምኩ?' ይላል። ታናሽ እህቴ ሳትቀር ትናገራለች። ይሰማል፣ አይመልስም፣ ከዚያ ይበላል። ለትምህርት ቤት ግን ዓመት መጠበቅ ይረዝማል፤ ወደ ዓርብ አወረድኩት።"

እዚህ አገር ተወልደን አድገን ስንት ጊፋታ አብረን አሳልፈናል፣ ጌታነህ! እርቁን እናውቀዋለን፣ ቅቤውን በልተናል። ወደ ቢሮ ይዞት የሚገባ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ በር ነገር ልምጣ። ሻይህን ጠጥተህ አንብበው።

ከመዝሙር በኋላ በሩ ይቆለፍ፣ ያረፈደ እስከ ዕረፍት ሰዓት አይግባ ያልከው አንተ ነህ። ሶርሳም ሲረከብ እንዳለ ተወው። ሚያዝያ ላይ በአንድ የገበያ ቀን ከሰልፍ ጠፋ። በሩ ሲቆለፍ እሱ ውጭ ነበር፣ ካረፈዱት ጋር ቆሟል። ምን እንዳየ የዚያ ሳምንት ዓርብ ነገረን።

"ከውጭ የቀሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው" አለ። "ከዳሞታ ግርጌ የቦዬ ሥርና አቮካዶ ተሸክመው ወርደው፣ ለእናቶቻቸው ገበያ አድርሰው ነው የሚመጡት። አንዷ ጫማዋን ከፌስታል አውጥታ ስትቀይር ደረስኩ። 'በሩ ሲዘጋ ምን ታደርጋላችሁ?' አልኳት። 'እናቴ ጋ ተመልሼ እሸጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤት' አለችኝ። 'ከዕረፍት በኋላ መግባት ትችሉ የለም ወይ?' ብላት ሳቀችብኝ። እናቷ ካገኘቻት በኋላ ማን ይለቃታል?" ጣሪያውን አየ። "ይህ በር ከውስጥ ሲታይ ሥርዓት ነው። ከውጭ ስቆም ግን የሚያስቀረው ሰነፉን ሳይሆን ሸክም ያለባትን ሆኖ አገኘሁት። ሳላየው ስዘጋ ቆየሁ። ተሳስቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በገበያ ቀን በሩ ክፍት ይሁን።"

ያቺን አንድ ቃል ተናገራት። ቤቱም በለመደው ጆሮ ሰማት።

ማን ይዟት እንደወጣ አላውቅም፤ በክፋት ነው ብዬም አላስብም። እዚህ ከተማ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ጥቂት ቆይቶ "የእናንተ ዳይሬክተር ጥፋቱን አመነ አሉ" እያሉ ከሌላ ትምህርት ቤት ይጠይቁን ጀመር። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ጦና መጣ። አዎ፣ ራሱ ነው፤ አምና ባንተ ላይ ድምፅ የተሰጠበትን ስብሰባ የመራው። ሶርሳን ከአዳራሹ አስወጣው። ሶርሳም ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። አንተ አምና "አልወጣም፣ ፊቴ ተናገሩ" ብለህ ፊታችን እንደቆምክ ትዝ አለኝ። ቆመህ ነው ጦና "ይቀጥሉ የምትሉ" ያለው፤ ቆመህ ነው "አይቀጥሉ የምትሉ" ያለው። ቆመህ ነው "ድምፀ ተአቅቦ፣ አንድ" ያለው። ያቺ አንድ ማን እንደነበረች ለማወቅ መቁጠር አላስፈለገህም፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ዓይንህ እጄ ላይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በቤታችን ስለ ዝናብ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ትሕትና ተነጋገርን። ነሐሴ ላይ ዝውውርህ መጣ።

ወደ ዓርቡ ልመለስ። ጦና መነጽሩን አወለቀና "ርእሰ መምህሩ መሳሳታቸውን በገዛ አንደበታቸው አረጋግጠዋል፤ ስለዚህ ብዙ መወያየት የሚያስፈልገን አይመስለኝም" አለ። "ይቀጥሉ የምትሉ እጃችሁን…"

እጄ ወጣ።

"ቲቸር ሳህሊቱ፣ ገና አልጨረስኩም።"

"ድምፅ አይደለም አቶ ጦና፣ ጥያቄ ነው።"

ከኋላዬ ቢያድግልኝ "ተላላፊ ነው ማለት ነው" ሲል ሰማሁት።

"ሰውየው ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ ይመጡ ነበር?" አልኩ።

"ለምን እመጣለሁ?"

"በሩ እንደተቆለፈ ቢቀጥልስ?"

"በር መቆለፍ ሥርዓት ማስከበር ነው። ማን ይከሳቸዋል?"

"እንግዲያው የሚቀጡት በሩን በመዝጋታቸው አይደለም፣ ወጥተው በማየታቸው ነው። ይህን የሰማ ዳይሬክተር ነገ ከበሩ ውጭ የሚቆም ይመስልዎታል?"

ጦና ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቀዋለህ። ግን ሲጠየቅ ይናደዳል። መነጽሩን መልሶ አደረገና ረጋ ብሎ እንዲህ አለ፦ "ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያን በር መጀመሪያ ያስቆለፉት ባለቤትሽ ናቸው። አቶ ጌታነህ ተሳስተው ነበር እያልሽን ነው?"

አዳራሹ በሙሉ ዞረብኝ። ያልኩትን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ቢያድግልኝ ሌላ ቢልህ አትመነው። "አቶ ጌታነህ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው" አልኩ። "በሩን የዘጉት ከውስጥ ሆነው ነው። በገበያ ቀን የትኛው ወንበር ባዶ እንደሚሆን የምናውቀው፣ ስም የምንጠራው እኛ ነበርን። አልነገርናቸውም። እሳቸውም አልጠየቁንም። ማን እንደተሳሳተ መፍረድ አልችልም። የማውቀው ያን ጊዜ የሚጠይቅም የሚመልስም እንዳልነበረ ነው።"

ተቀመጥኩ። ከዚያ ትርፌ ተነሣችና ሴቶቹ በገበያ ቀን እንደሚቀሩ እሷም አይታ ዝም ማለቷን ተናገረች፤ በሩ ከተከፈተ ወዲህ የኋላ ወንበሯ እንደሞላ ጨመረች። ከእሷ ቀጥሎ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? ቢያድግልኝ! "እኔ ሰውየውን አልወደውም፤ ዓርብ ዓርብ ከሻዬ ያስቀረኛል" አለ። "ግን ጠይቆ ያልቀጣ ንጉሥ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መጨረሻውን ሳላይ እንዳትወስዱብኝ።"

ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። ጦና "ከፈተና በኋላ እንመለስበታለን" ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ። ይመለስበት አይመለስበት እንጃ። ሶርሳ ለጊዜው ቢሮው ውስጥ ነው።

ቢያድግልኝ የሚነግርህ እስከዚህ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ስወጣ ሶርሳ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ "ምንም አይደለም" ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን "ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለኝ። "አቶ ጌታነህ በሩን የሚያስዘጉት ለምን ነበር?"

"ለሥርዓት ነዋ" አልኩት።

"እሱን ሁሉም ይለኛል። ሰው ግን በር የሚዘጋው አንድ ነገር ፈርቶ ነው። እኔ እሳቸው ያዩትን ሳላውቅ ከፍቼዋለሁ። ምናልባት ሌላ ስሕተት እየሠራሁ ይሆናል። ነግረውዎት ያውቃሉ?"

"አልነገረኝም" አልኩት፣ ጌታነህ። ከእሱ በቀር ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ያን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። አንተ አልጠየቅኸንም ብዬ በሰው ፊት የተናገርኩ ሰው ነኝ፤ በአንድ ባጃጅ አብረን እየሄድን፣ በአንድ ትራስ እየተኛን፣ "በሩን ለምን ዘጋኸው?" ብዬህ አላውቅም። ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

እገምታለሁ። በሩ ከመቆለፉ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አርፍዳ ስትሮጥ በባጃጅ የተገጨችው ልጅ አለች። አንተ ነህ ታቅፈህ ሐኪም ቤት ያደረስካት። ማታ ሸሚዝህን ራስህ አጠብከው፣ "ልጅቷ እንዴት ሆነች?" ስልህ "ትድናለች" ብለህ ዜና ከፈትክ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰንሰለቱ ተገዛ። ምናልባት በሩ መቆለፉን ካወቁ መንገድ ላይ የሚሮጥ አይኖርም ብለህ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስገምትህ ኖሬአለሁ፤ አንዳንዴ ልክ ነበርኩ፣ አንዳንዴ አልነበርኩም፣ የቱ የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም።

አንተም እጄን ለምን እንዳላወጣሁ ገምተሃል። ምን ብለህ እንደገመትክ ከዝምታህ ይታወቀኛል። የተሳሳትክ ይመስለኛል።

ስለዚህ እኔ ልጀምር፣ ጊፋታ እስኪደርስም አልጠብቅም። በሩን ለምን ዘጋኸው? የምጠይቅህ ለጦናም ለሶርሳም ብዬ አይደለም፤ ለሶርሳ ራስህ ብትደውልለት ደስ ይለዋል፣ ስልክ ቁጥሩን ትሕትና ትልክልሃለች። እኔ የምጠይቀው ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ከመለስክልኝ በኋላ፣ ወይም ከመመለስህ በፊት፣ አንተም ያን ያልጠየቅኸኝን ጠይቀኝ። መልሴ አጭር ነው፣ በስልክ ግን አይነገርም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሾፌሩ ቦልቴ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ዳጣ አብሮ ይሰጥሃል። በርበሬውን ቀንሼዋለሁ፣ ለጨጓራህ። ክዳኑን አጥብቅ፣ በሙቀት ይበላሻል። ትሕትና ፈተናው ሳይደርስ ለጥቂት ቀን እንድትመጣ ትፈልጋለች፤ ፊዚክሱ በእርግጥ ብሶባታል፣ እኔ ያስጠናኋት ሰበብ አይደለም። ቦልቴ እንደሚለው በዝናቡ ምክንያት ከጅንካ የሚነሣው አውቶቡስ ማምሸት ጀምሯል። ግድ የለም። አርፍደህም ቢሆን ና።

ተክለ ሃይማኖት ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ፤ ዕንቅልፍህን ያጣፍጥልህ፤ የምትመራቸውንም ልጆች ከሩጫም ከሸክምም ይጠብቃቸው።

ባለቤትህ
ሳህሊቱ